የሚያምሽ የቱ ጋ ነው?

ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ እናቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው ቤታችን ሞተች። የገደላት የጉበት ካንሰር ነው። አልጋዋ አጠገብ የነበርነው እኔና የልብ ወዳጇ የሆነችው ጎረቤታችን ነን።

እናቴ ከደቡብ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በወጣትነቷ ነው። በመጣች ሰሞን በታይፎይድ ታማ ለሞት ደርሳ ነበር፤ የጸሎት ቤት ሴቶች በየተራ እያደሩ አስታመሟትና ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዋን እንደ ጭማሪ ነበር የምታየው። «እንዴት ነሽ?» ላላት ሁሉ መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሁላችንም እንደዚያ እንላለን፤ ብዙዎቻችን ታዲያ «ግን ወገቤን…» ብለን እንቀጥላለን። የእናቴ ምስጋና «ግን» አልነበረውም።

በሞተችበት ዓመት የአንድ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። ከፋሲካ በኋላ እናቴ ዕቃ ስታጥብ መቀመጥ ጀመረች፤ ቀሚሷም ሰፋት። ስጠይቃት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። አላመንኳትም፤ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

«ዛሬ ደህና ነኝ። አንተስ ልጄ? ከሳ ብለሃል።»

«እኔ ደህና ነኝ። ካርድ ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

እናቴ ሳቀች። መክሳቷን እኔ ተናገርኩ። ሆዷን ጫን እያደረገ «እዚህ ጋስ?» ሲላት «ትንሽ፣ ተመስገን» አለችው። የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላት። በነገረችው ልክ ነው የሠራው፤ አልፈርድበትም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ተቆጣሁ።

«እማዬ፣ የሚያምሽን ካልነገርሽው ሰውዬው ምን ያድርግ?»

«ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።»

«እሱ መልስ አይደለም።»

«እኔን ተይኝና ሄደሽ ሚኒስትሮችሽን ጠይቂ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህን ሁሉ ዓመት አኑሮኝ አሁን ሰው ፊት ልክሰሰው?»

የአፍ ልማድ ይመስለኝ የነበረው ነገር የአፍ ልማድ አልነበረም።

መድኃኒቱ ምንም አላደረገላትም። ሰኔ ላይ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል እንሂድ አልኳት፤ ሐኪሙ ፊት እንደገና «ተመስገን» ብላ እንዳትመለስ ፈርቼ ጎረቤታችንን ለመንኳት። ጎረቤታችን ሱቋን ዘግታ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለጌታ የምትነግሪውን ለሐኪሙም ንገሪው እንጂ።»

«ጌታ ያውቀው የለ? እሱ ይንገረው» አለች እናቴ።

«ሐኪሙ የሚሰማው ካንቺ አፍ ነው። ደግሞ ሲያምሽ አመመኝ ብትዪ ጌታ የሚያኮርፍሽ ይመስልሻል? ባልሽ ነው እንዴ?»

እናቴ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቋርጦ ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። ጠና ያለች ሐኪም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። እናቴ ጎረቤታችንን አየት አደረገች። ከዚያ መዳፏን ከቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች አሳረፈች።

«እዚህ ጋ። ሌሊት አያስተኛኝም። ከገና ጀምሮ ነው።»

ከገና ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ እኔና እናቴ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟን ለብቻዋ አግኝቼ ቀደም ብላ ብትናገር ትተርፍ እንደነበር ጠየቅኋት። «አላውቅም» አለችኝ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሕመሟን አልደበቀችም። «አመመኝ» ትላለች፤ ወዲያው ታመሰግናለች። ሕመሙን መናገር ስትጀምር ምስጋናው የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፤ አልቀነሰም። እኔ ግን ለምስጋናዋ «አሜን» ማለት እየከበደኝ ሄደ፤ ድምፄን ሳላወጣ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት ውኃ ጠየቀች። መዋጥ ስላቃታት በጥጥ ከንፈሯን አራስኩላት። ጎረቤታችን እጇን ይዛ «ልጸልይልሽ?» አለቻት። እናቴ ራሷ ጸለየች። ስለ ውኃው አመሰገነች። ስለ ጎረቤታችን አመሰገነች። ስለ እኔም ስሜን ጠርታ አመሰገነች። ሰፈራችን በዚያ ክረምት ኮብልስቶን ይነጠፍ ነበር፤ እናቴ ከሰኔ ወዲህ ከሆስፒታል በቀር ከቤት ስላልወጣች ሥራውን የምታውቀው በመዶሻው ድምፅ ነው።

«መንገዱን እስከ ደጃችን ስላደረስክልን ተመስገን» አለች። «ለቅሶ የሚመጣው ሰው ጭቃ አይረግጥም።»

«አሜን» አልን፤ እኔም ድምፄን አውጥቼ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳን ይዘው የሚመጡትን የዕድር ሰዎች ልቀበል ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ድንጋዩ የደረሰው ከእኛ በታች እስካለው ሦስተኛ ቤት ድረስ ነው።