የቀመሪያ አሥራ አንድ

ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ቀመሪያ ትባላለች። ወንጂ፣ ሸንኮራ ቆራጮች መንደር ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በሻይና በሳምቡሳ የምታሳድግ፣ አፏ ቁጥብ፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። ሊቶሪናው፣ ሕዝብ ማመላለሻው ባቡር፣ ከድሬዳዋ ሲገባ ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ይላል፤ ሊቶሪናው ሲዘገይ ገበያውም ይዘገያል። ቤቷን ያቆመላት ግን ባቡሩ አልነበረም። እሑድ ከሰዓት ነው።

እሑድ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ስታዲዮም ኳስ በሬዲዮ ይተላለፋል። ያን ጊዜ ቤቷ ጢም ትላለች። አግዳሚ ያጣ በር ላይ፣ በር ያጣ መስኮት ላይ ይቆማል። የዚያ ቀን ሻይ የሳምንቱን ኪሳራ ይሸፍናል። ሰዉን የሚሰበስበው ደግሞ ጨዋታው ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው።

ሊጉን ያቋቋመው ከሻይ ቤቷ ጎን በአንዲት ክፍል ሬዲዮ የሚጠግነው ሁንዴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውድድሩ ሊከፈት ሲል አባላቱ ይቀመጡና ከየክለቡ ተጫዋች ይመርጣሉ፤ ለአንድ ሰው አሥራ አንድ። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይነካም። ተራው የሚወጣው ከሁንዴ የብሎን ጣሳ ነው። ዓይን ጨፍኖ እጅ መስደድ ነው፤ ረጅሙን ብሎን ያወጣ ይቀድማል። ሁለተኛው ዙር ግን ከመጨረሻው ሰው ይጀምራል፣ ዕድሉ የከፋበት እንዳይበደል። የመረጠ ሰው የተጫዋቹን ስም ይጠራና ብርጭቆውን በማንኪያ መታ ያደርጋል። ብርጭቆ ከተመታ በኋላ «ተሳስቻለሁ» የለም።

ጎል ላገባ ሦስት ነጥብ፣ ጎል ላልገባበት በረኛ ሁለት፣ አሰላለፍ ሲነበብ ስሙ ለተጠራ አንድ። ነጥቡ የሚያዘው በቆርኪ ነው። ቆርኪው ተበስቶ በየሰዉ ሽቦ ላይ ይሰካል፤ ሽቦዎቹ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነፋስ ሲገባ ይንሿሿሉ። ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ አለ፤ ሬዲዮው ያላለው አይቆጠርም። ተጫዋቾቹን በዓይኑ ያየ ከመሃላቸው አንድም ሰው ስላልነበረ የሚያምኑት ምስክር ሬዲዮው ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ጓድ አብተው ከቀበሌ መጥቶባቸው ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ስም እየጠሩ «ይሄ የኔ ነው፣ ያ የኔ ነው» ይላሉ የሚል ጥቆማ ደርሶት ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ሲያዳምጥ ቆየና የቀለም ፋብሪካውን ክለብ በረኛ የወሰደው ሰው እንዳለ ጠየቀ። የለም ሲሉት ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አባል ነው፤ በየዓመቱም በነጥብ የመጨረሻ ደረጃ ይይዛል።

ሬዲዮው በአባላቱ መዋጮ የተገዛ ነው፤ ዋንጫውም እሱ ነው። ሬዲዮው ዓመቱን ሙሉ የት እንደሚቀመጥ ያሸነፈው ሰው ይወስናል። ሲያሸንፉ የኖሩት ልብስ ሰፊው ኦቦ ሰንበታና ሁንዴ ስለነበሩ ሬዲዮው ከቀመሪያ መደርደሪያ ወርዶ አያውቅም።

ኋላ ሰብስቤ መጣ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ በብሎኬት የተሠራ ቡና ቤት ከፈተ፤ ኮረንቲ ያለው፣ ቢራ የሚሸጥ። ክፉ ሰው አይደለም። ነጋዴ ነው። በዚያው ዓመት ሊጉ ውስጥ ገባ፤ በምርጫው ቀንም ሐሳቡን ሳይደብቅ ተናገረ።

«ካሸነፍኩ ሬዲዮው መንገድ ይሻገራል። እኔ ጋ ኮረንቲ አለ፤ ባትሪ ድንጋይ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መንከራተት ይቀርላችኋል።»

ቀመሪያ ሻይ እየቀዳች ሰማች። ሬዲዮው ከሄደ እሑድም አብሮ እንደሚሄድ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ብሎኑ ጣሳ ሰደደች።

ሳቁ እስከ ጣቢያው ተሰማ። ሰብስቤ፣ «ቀመርዬ፣ ኳስ እኮ እንደ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ አይጣልም» አላት።

«ሳምቡሳዬን ለኔ ተውልኝና ብሎንህን አውጣ» አለችው።

በዕድሜ ትልቁና የሊጉ ዳኛ ኦቦ ሰንበታ ነበሩ። ሻይ የሚቀዳ ሰው አይመርጥም የሚል ሕግ ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሰብስቤ ረጅሙን ብሎን አወጣ። ሳያመነታም የሚስማር ፋብሪካውን አጥቂ ጎበና ሶሪን ጠርቶ ብርጭቆውን መታ። ከዚያ በኋላም አጥቂ በአጥቂ ላይ ደረደረ። ቀመሪያ ድንክ ብሎን ደርሷት መጨረሻ ነበረች። አንድ በረኛ ወሰደች፤ ከዚያ ተከላካይ፣ ከዚያም ሌላ ተከላካይ። ቀነኒሳ ባጫ የሚባለውን የቀኝ ተመላላሽ ስትጠራ ሁንዴ እንኳ አላስቻለውም።

«እትዬ ቀመሪያ፣ የዚህን ሰው ስም የምንሰማው እኮ ኳስ ወደ ውጭ ሲያወጣ ብቻ ነው።»

«በየሳምንቱ ያወጣል?»

«በየሳምንቱ።»

ብርጭቆውን መታ አደረገች። አባቷ ወንጂ ውስጥ ካቦ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሸንኮራ ቆራጮቹን ቡድን ሲመርጥ ሌሎቹ ካቦዎች ደረተ ሰፊውን ለመውሰድ ይሻማሉ። እሱ ግን ሰኞም ቅዳሜም የማይቀረውን ይለቅማል። ጉልበተኛው ደመወዝ በተቀበለ ማግስት አይገኝም፤ ሸንኮራው ደግሞ ቆራጭ አጣሁ ብሎ አይጠብቅም። ቀመሪያ ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር ይኸው ነበር።

ዓመቱ እንዲሁ ሄደ። የሰብስቤ አጥቂዎች አንድ እሑድ ሦስት ጎል ያገቡና ሽቦውን ያስጨንቁታል፤ በሚቀጥለው እሑድ አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዱ ከአሠልጣኙ ተጣልቶ ይቀራል። የቀመሪያዎቹ ጎል የሚባል ነገር አያውቁም። ግን አሰላለፍ በተነበበ ቁጥር አቤት ይላሉ፤ በረኛዋም አልፎ አልፎ ሁለት ቆርኪ ያመጣል። ጓድ አብተው የእሷን ተጫዋቾች «የቀበሌ ጥበቃ» ብሎ ሰየማቸው፤ ማታ ማታ ቆመው ያድራሉ እንጂ ሌባ ይዘው አያውቁም ማለቱ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ግን ሽቦዋ ከሰብስቤ ሽቦ እኩል ከበደ። ሳቁም ቀነሰ።

የመጨረሻው እሑድ መጣ። የመጨረሻው ጨዋታ አሰላለፍ ተነቦ ቆርኪው ሁሉ ሲሰካ ቀመሪያ በሁለት ትመራ ነበር። ከእንግዲህ የምታገኘው ነጥብ የለም። የሰብስቤ ጎበና ግን ሜዳ ላይ ነው፤ አንድ ካገባ ሰብስቤ በአንዲት ቆርኪ ያልፋታል። ሰዉ ሁሉ ሒሳቡን ያውቃል። ሻይ እየቀዘቀዘ ማንም አያነሳም።

ከእረፍት በኋላ፣ ዜሮ ለዜሮ እንደሆኑ፣ የአስተላላፊው ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚናገር መሰለ፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ሁንዴ ጀርባውን ከፍቶ ባትሪ ድንጋዮቹን አገላበጠ፣ በጥርሱ ጫን ጫን አደረገና አበቃላቸው አለ። የዚያን ሰሞን ባትሪ ድንጋይ ከናዝሬት ሱቆች ጠፍቶ ነበር።

ኦቦ ሰንበታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሬዲዮው ያላለው አይቆጠርም፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው አባላቱ ናቸው። ስለዚህ የቆርኪው ነገር ባለበት ይጸናል አሉ። ሰብስቤ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልተከራከረም። አንድ ሁለት ሰው ቀመሪያን እንኳን ደስ አለሽ ሊላት ዞር አለ። ቀመሪያ ግን ቦታዋ ላይ አልነበረችም።

ከመጋረጃው ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። እሷም እሑድ በመጣ ቁጥር አሮጌዎቹን ድንጋዮች ከትልቁ ማንቆርቆሪያ ክዳን ላይ አሙቃ ታቆያለች። ጥቅልሉን ለሁንዴ ሰጠችው።

ሰብስቤ አያት። «ባታመጪውም እኮ ማንም አይወቅስሽም።»

«ያልተሰማ ጨዋታ ሻይ አይሸጥም» አለች ቀመሪያ። «ክተተው ሁንዴ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሬዲዮው ተመልሶ ነፍስ ዘራ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጎበና ሶሪ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ሰብስቤ ራሱ መደሰት እንዳለበት ያስታወሰው ቆይቶ ነው። ቀመሪያ ሦስቱን ቆርኪ በገዛ እጇ ሽቦው ላይ ሰካችለትና ባዶ ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመረች።

በማግስቱ ሬዲዮው መንገድ ተሻገረ። ክረምቱ ረጅም ሆነባት። እሑድ እሑድ አግዳሚዎቹ ባዶ፣ ሽቦዎቹ ባዶ። ታላቅ እህቷ ወደ ወንጂ ተመለሽ፣ ቆራጮቹ መንደር ውስጥ ሻይ የሚጠጣ አይጠፋም ብላ ላከችባት። ቀመሪያ ውድድሩ ይከፈትና አያለሁ አለች።

የመክፈቻው እሑድ ደረሰ። አባላቱ ሰብስቤ ቡና ቤት ተሰበሰቡ፤ ቀመሪያም ነጠላዋን አጣፍታ እንደ አባል ሄደች። ሰብስቤ ለሬዲዮው መደርደሪያ አሠርቷል፣ በጥልፍ ዳንቴል አልብሶታል፤ እስከዚያ ቀን የከፈተው ግን ማታ ማታ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሬዲዮውን ሊሞክሩ፣ ጨዋታው ሳይጀመርም ሊመርጡ ነው። ኮረንቲው ላይ ሰካና ከፈተው።

ግርርርር።

አዙሮ ሞከረው። ግርርርር። ከግድግዳው ወዲያ የወፍጮው ሞተር ይፈጫል፤ ሬዲዮውም አብሮ የሚፈጭ ይመስላል። ሰብስቤ ወደ ባለወፍጮው ሐጂ ሮጠ። ሐጂ ዓርብ ነው የሚያርፉት፤ እሑድ ደግሞ የቅዳሜ ገበያ እህል በሙሉ የሚመጣበት ቀን ነው። በሩ ላይ ጤፋቸውን ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች አሳዩትና እነሱን አሳምነህ ከመለስክ እኔ ሞተሩን አጠፋለሁ አሉት። ሰብስቤ ሴቶቹን አየ። ፊቱን አዙሮ ተመለሰ።

ሁንዴ ሬዲዮውን ነቅሎ በድንጋይ ቢሞክረውም ያው ሆነ። ከሞተር ጎን የተቀመጠ ሬዲዮ ጥርት ብሎ እንደማይሰማ የዚያን ጊዜ አስረዳ። ሰብስቤ ይህን ካወቅህ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ሲለው፣ ሁንዴ ትከሻውን ሰበቀ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሰብስቤ ዳንቴሉን ገፎ ሬዲዮውን ታቀፈና መንገዱን ተሻገረ። ሰዉ ተከተለው። ጓድ አብተው ግማሽ ቢራ በእጁ ይዞ ሲመጣ ቀመሪያ በሯ ላይ አስቆመችው፤ እዚያው ጨርሶ እንዲገባ ነገረችው። ሰልፍ እንደሚቆጣጠር ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጨለጠው።

ሬዲዮው አሮጌ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ አስተላላፊው አጠገባቸው ያለ ያህል ጥርት ብሎ ተናገረ። ሰብስቤ ግንባሩን ጠርጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አሸናፊው እሱ ነውና ቃሉ ይጠበቃል። እዚሁ ይሁን አለ፤ እዚሁ ይሁን ሲል ግን ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም።

ሁንዴ የብሎን ጣሳውን አመጣ። ቀመሪያ እጇን ከጣሳው አፍ ላይ ጫነች።

«ለዘንድሮ ብሎን አይወጣም። ቤቱ የኔ፣ ድንጋይ የማሞቀው እኔ። የምጀምረው እኔ ነኝ።»

ኦቦ ሰንበታ ጢማቸውን አሻሹ። ይህን የሚከለክል ሕግም አላገኙም። ቀመሪያ ሻይዋን አንድ ፉት አለችና ማንኪያዋን አነሳች።

«ጎበና ሶሪ።»

ብርጭቆው ጠን አለ።

ሰብስቤ ብድግ አለ። «እሱማ የኔ ነው።»

«ነበር» አለች ቀመሪያ። «ተቀመጥ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

ሰብስቤ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስም ብዙ አላሰበ፤ ቀነኒሳ ባጫን ጠርቶ ብርጭቆውን መታ።