ጉሮሮ ያነቀ ጊታር

ባልዶሜሮ ካራስኮን መንገድ ላይ ያየ ሰው ጊታር ተጫዋች ነው ብሎ አይገምትም ነበር። አንገቱ እንደ በሬ የደነደነ፣ ክንዱ በእሳት ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ፣ ሲናገር ከንፈሩን እምብዛም የማያንቀሳቅስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በስፔን፣ በሄሬስ ከተማ፣ በሳንቲያጎ ሰፈር፣ ከአባቱ በወረሰው ቤት እሱ ጉጠቱን ይዞ ብረቱን ያገላብጣል፣ እኔ በትልቁ መዶሻ እመታለሁ። እኔ ኖርቤርቶ የእህቱ ባል ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቱ ጊታር አይወድም ነበር። የእኛ የጂታኖዎች፣ የስፔን ጂፕሲዎች፣ ዘፈን የተወለደው ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ ነው ይል ነበር። የንጉሥ ወታደሮች አያቶቻችንን ከየቤታቸው እየለቀሙ ወንዱን ወደ መርከብ ቀዘፋ፣ ሴቱን ወደ እስር ቤት በነዱበት ዘመን በሰንሰለት የታሰረ ሰው ጊታር ከየት ያመጣል? የነበረው መዶሻና ጉሮሮ ብቻ ነው። «ጊታር» ይላል ሽማግሌው፣ «ቤቱ ከሞላ በኋላ የመጣች ሙሽራ ናት። ትግባ፣ ግን ራስጌ አትቀመጥም።» የልጁን የመጀመሪያ ጊታር ምድጃ ውስጥ ከተታት። ሁለተኛዋን በልጁ ራስ ላይ ሰበራት። በሦስተኛዋ ደከመው።

ባልዶሜሮ የአባቱን የመዶሻ ምት ወስዶ በአውራ ጣቱ ክር ላይ አስቀመጠው። ሲጫወት ቆንጆ ነው አይባልም ነበር። ሰው ደረቱን ይዞ ነበር የሚሰማው። ከሴቪያ ድረስ የሚመጡ ተጫዋቾች ጣቱን እያዩ ይቀመጡና ሲነሱ የራሳቸውን ጊታር ከማኅደሩ ሳያወጡ ይሄዱ ነበር።

ለዚያ ጊታር የሚመጥን ጉሮሮ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ በቅሎ ነጋዴው ኤሊያስ ካምፖስ። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ደወል ነበር። በሰርግም በክርስትናም ሁለቱ አንድ ላይ ይጠራሉ። ባልዶሜሮ የኤሊያስን ጉሮሮ ከገዛ ሚስቱ አመል ይበልጥ ያውቀው ነበር።

ኤሊያስ የባልዶሜሮን ታናሽ ወንድም ላሳሮን የገደለው በከብት ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጠቡ የተነሳው ኤሊያስ ለአንድ ገበሬ በሚሸጣት አንካሳ በቅሎ ነበር። ላሳሮ ገበሬው ሊገዛ እጁን ሲዘረጋ፣ «ጥርሷን አይተሃል፣ እግሯንም እይ እንጂ» አለው። ገበሬው ትቶ ሄደ። ኤሊያስ የላሳሮን ሙታን ጠርቶ ሰደበ። በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ላሳሮ በጥፊ አጮለው፣ ኤሊያስ ቢላዋ መዘዘ። እኔ ስደርስ ከእምብርቱ በላይ ገብቶ እስከ ጎድኑ ቀዶታል። አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ኖርቤርቶ፣ ሸሚዜን አጥብቅልኝ» አለኝ። አጠበቅኩለት። ጋሪው ላይ ሞተ።

በእኛ ሕግ ሽማግሌ ይፈርዳል፣ የመንግሥት ዳኛ አይጠራም። የሰፈራችን ሽማግሌ አጎት ሴራፊን የካምፖስ ዘር በሙሉ፣ የሚጠባ ሕፃን ሳይቀር፣ ከሄሬስ እንዲወጣ ፈረደ። ካራስኮዎችም በካምፖሶች ላይ ብረት እንዳያነሱ በሙታናቸው አስማላቸው። ባልዶሜሮ ማለ። ከዚያም ጺሙን ለቀቀ፣ የጊታሩን ክሮች አላላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰቀለው። በሐዘን ዓመት ክር አይነካም፣ ቤት ውስጥ አይዘፈንም፣ ራዲዮ አይከፈትም።

እናቱ ትሪኒ ግን አልበረደላትም። በየቀኑ በምሳ ሰዓት የሽምብራውን ወጥ ይዛ ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች።

«ሁለት ወንድ ወለድኩ» ትላለች። «አንዱን አፈር በላው፣ አንዱ ማጠፊያ ይቀጠቅጣል።»

«እማ፣ ምያለሁ። ብረት አላነሳም።»

«ብረት አንሳ አልኩህ? ያ ሰው በጤናው እየዘፈነ ከኖረ ግን እኔን ከላሳሮ ጋር ቅበረኝ።»

እሷ ከሄደች በኋላ የሚቀጠቅጠው ብረት ሁሉ ይጣመም ነበር።

የወይን ለቀማው ባለቀበት ሰሞን የዶን ፋድሪኬ የእርሻ አዛዥ ከሁለት ዘቦች ጋር ቤታችን ገባ። ዶን ፋድሪኬ ከከተማው ውጭ ያለው የወይን መሬት ጌታ ነው።

«ቀጥቃጭ፣ ጊታርህን ያዝ» አለ አዛዡ። «ጌታው እንግዶች አሉበት።»

«ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ጺምህን አየሁት። ጺምህን ማን ጠራው? የተፈለገው እጅህ ነው።»

«እጄም የወንድሜ ወንድም ነው።»

አንደኛው ዘብ በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። ባልዶሜሮ አልወደቀም። ብረት የምናቀዘቅዝበት ገንዳ ውስጥ ጥርሱን ተፋና ጉጠቱን መልሶ አነሳ። ዘቡ ደገመው። በዚህ ጊዜ ተንበረከከ፣ ግን ራሱን ወዘወዘ።

«ሞኝ ነህ» አለ አዛዡ። «ዘፋኙ ማን እንደሆነ ብታውቅ ሮጠህ ትመጣ ነበር። ኤሊያስ ነው። ጌታው ፈረስ ጠባቂ አድርጎ ደብቆት ነው የከረመው።»

ባልዶሜሮ ፊቱን ታጠበ፣ ጊታሩን ከግድግዳው አወረደ።

«ኖርቤርቶ፣ እጅህን ታጠብ። አንተ ታጨበጭባለህ።»

«ባልዶ፣ ዓመቱ አልሞላም። እናትህስ ምን ትላለች?»

«የምሄደው ለሷ ነው።»

ዘቦቹ ቢላዋ ፍለጋ እስከ ጫማችን ፈተሹን። ከእኔ ኪስ አንድ የፈረስ ጫማ ምስማር አወጡ፣ ከእሱ ምንም አላገኙም።

ጌቶቹ በወይን ዳሱ ሥር ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ የደረቀ የአሳማ ጭን በመቆሚያው ተተክሏል፣ ስስ ረጅም መቁረጫው አጠገቡ ነው። ዶን ፋድሪኬ የሁለቱን ደም ያውቅ ነበር። «የዶሮ ግጥሚያ ሰልችቶናል» አለ ለእንግዶቹ፣ «ዛሬ ሌላ እናያለን።» ሳቁ።

ኤሊያስ ሲያየን ፊቱ አመድ ሆነ። ባልዶሜሮ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ክሩን አጠበቀ፣ ልክ እንደ ድሮው ጠየቀው።

«ከየት ትነሳለህ?»

«ከሁለት» አለ ኤሊያስ።

በጊታር አንገት ላይ የሚታሰር የእንጨት መቆንጠጫ አለ። ወደ ጊታሩ ሆድ በተገፋ ቁጥር ዜማው ይወጣል። በስንተኛው የአንገቱ መስመር ላይ እንደሚታሰር የሚናገረው ጉሮሮውን የሚያውቀው ዘፋኝ ነው። ከተጀመረ በኋላ ግን ሰው ፊት «ከፍ አለብኝ፣ አውርድልኝ» ያለ ዘፋኝ በእኛ ዘንድ ሱሪው የወለቀበት ያህል ነው። ደም ቢውጥ ይመርጣል።

የመጀመሪያውን በሁለት ዘፈነ። ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ባልዶሜሮ መቆንጠጫውን ገፋው። ኤሊያስ ቀና ብሎ አየውና ገባበት። የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ወጣ። ጌቶቹ «ኦሌ» ብለው አደነቁ። ባልዶሜሮ እንደገና ገፋ፣ ለሙታን የሚዘፈነውን ዜማ ጀመረ፣ ያውም አባቱ ትኩስ ብረት ሲመታ በነበረው ምት። እኔ ምቱን ተከትዬ አጨበጨብኩ። ያን ከፍታ የሚያወጣ ጉሮሮ በከተማው አልነበረም።

ኤሊያስ በስንኙ መሐል ወደ ጊታሩ አጎነበሰ።

«ባልዶ፣ በሙታኖችህ፣ አውርድልኝ።»

«ላሳሮ ተው አላለህም?»

«አለኝ።»

«ዝፈን።»

ዘፈነ። መጠጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊረሳው የማይችል ነገር ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሸራ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከደረቱ ወጣ፣ ቀጥሎ ነጭ ሸሚዙ ላይ ደም። ጌቶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። ጥበብ መስሏቸዋል። ዶን ፋድሪኬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ይደገም» አለ።

ኤሊያስ አፉን ከፈተ። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። እጁን ወደ ጉሮሮው ሰደደ፣ ደግሞ ሞከረ። ባልዶሜሮ አሁንም ይጫወታል፣ እየጠበቀው። ያኔ ኤሊያስ የሥጋውን መቁረጫ ከጠረጴዛው አንስቶ የባልዶሜሮን ግራ እጅ ከጊታሩ አንገት ጋር ሰፋው። በመዳፉ ገብቶ እንጨቱን ሰንጥቆ ነበር። ባልዶሜሮ አልጮኸም። በቀኝ እጁ የኤሊያስን ጸጉር ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። እኔም የኤሊያስን ጀርባ በወንበር መታሁ። አዛዡ ጎድኔን በሰደፍ ሰበረ። ከዚያ ዘቦቹ ሦስታችንንም እስኪደክማቸው ወቀጡን። ዶን ፋድሪኬ ደሙ እንዳይነካው የወይራውን ሳህን ሲያነሳ ከመሬት ሆኜ አየሁት።

አጎት ሴራፊን በማግስቱ ሁለቱንም ወገን ሰበሰበ። ኤሊያስ ከሹክሹክታ በላይ መናገር አልቻለም፣ ከዚያም በኋላ እስኪሞት አልቻለም። የባልዶሜሮ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል። ሽማግሌው እጁንም ጉሮሮውንም አይቶ፣ «መሐላው አልፈረሰም፣ ብረት ያነሳው ካምፖስ ነው። ጉሮሮ በእጅ ሄደ። ከዚህ ወዲያ ደም የሚጠይቅ እኔን ይጠይቅ» አለ። ማንም አልጠየቀም።

ባልዶሜሮ እጁ እንደተጠቀለለ፣ የተሰነጠቀ ጊታሩን ይዞ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄደ። ደጃፏ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ከእንግዲህ አይዘፍንም።»

«ሰማሁ። ጌቶቹ አጨበጨቡ ይባላል።»

«አዎ።»

«ቆመው?»

«ቆመው።»

«በልጄ ሐዘን ላይ ተጫውተህ አስጨበጨብክ።»

«ያልሽኝን ነው ያደረግኩት።»

«እኔ እንድታስለቅሰው አልኩህ፣ አንተ አዘፈንከው። ዓመቱ ከዛሬ እንደገና ይጀምራል። ክሩን ፍታ።»

እዚያው ደጃፏ ላይ፣ ደም በሚያዥው እጁና በቀሩት ጥርሶቹ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ፈታ። ልረዳው እጄን ስዘረጋ በትከሻው ገፋኝ።

አዲሱን ዓመት ቁርጥ አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ በግራ እጁ በቀሩት ሦስት ጣቶች እንደገና መጫወት ጀመረ። ዛሬ ወጣት ተጫዋቾች የሱ ነው ብለው የሚኮርጁት የቀኝ አውራ ጣት አመታት ያኔ የመጣ ነው፣ የግራው ጣት እምቢ ስላለው። መቆንጠጫውን ግን ከዚያ ወዲህ ራሱ አስሮ አያውቅም፤ ጊታሩን ለዘፋኙ ይዘረጋና፣ «ጉሮሮህ የት እንዳለ አሳየኝ» ይለው ነበር። ሰው ከማድሪድ እየመጣ በራችን ላይ ቆሞ ሰማው። እናቱ ግን ጊታሩ ከግድግዳ በወረደ ቁጥር ወንበሯን ተሸክማ ወደ መንገዱ ማዶ ትሻገርና ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ከሷ በቀር ሄሬስ በሙሉ ሰምቶታል።