የእርቅ ምሳ በኦስትኤንድ

ትናንት መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ ምሳውን አሙቆ ክዳኑን ሲያነሳ፣ የኮኮናት ዘይትና የዓሣ ወጥ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ቀኝ እጄን ያዝኩ። በግራዬ፣ ጥብቅ አድርጌ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ልቤ እስኪረጋ ጠበቅሁ። አንቺ ጨዋ ስለሆንሽ ከእነዚያ አባትና ልጅ ጋር ለምን እንደማንነጋገር ጠይቀሽኝ አታውቂም። እንግዲያው ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ነው፤ እኔና አባቴ ሦስተኛ ፎቅ፣ የአባቴ ጓደኛ ከነልጁ አራተኛ ፎቅ። ሁለቱ ከአገር የወጡት አብረው ነው፤ ተማሪ ሳሉ አንድ ካፖርት እየተፈራረቁ ለብሰው ክረምቱን ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ጓደኛውን ጋሼ ነበር የምለው። አባቴ እጁ ፈጣን ነበር። እናቴ ዱላው ሲመርራት ትታን ሄደች፤ ከዚያ በኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ምክንያት አይጠፋውም፦ ዘግይተሽ ገባሽ፣ በጀርመንኛ መለስሽልኝ፣ በሩን ወረወርሽው። ተመትቼ የምሮጠው ወደ ላይ ነው። ጋሼ ምንም አይጠይቀኝም። ልጁ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ዳቦ ላይ ቸኮሌት ቀብቶ ይሰጠኛል፣ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ያነጥፍልኛል። ጠዋት ጋሼ ይዞኝ ይወርድና አባቴን «ልጅህን አመጣሁልህ» ይለዋል። ሌላ ቃል አይጨምርም። አባቴ መሬት መሬት ያያል።

ያን ደረጃ የዘጋብኝም አባቴ ነው። ከፋሲካ ጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስለ አገር ጉዳይ ክርክር ተነሳ። ማን ምን እንዳለ ዛሬ ላስታውሰው አልፈልግም፤ «ከሃዲ» የምትለውን ቃል ግን ሰምቻለሁ። አባቴ ጋሼን በቡጢ አፍንጫውን አለው። ጋሼ ነጠላው ላይ የወረደውን ደም እያየ ቆመ፤ የፈራ አይመስልም፣ የገረመው ነው የሚመስለው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አንሳይገ፣ የክስ ማመልከቻ ማለት ነው፣ እንዲያስገባ ያልመከረው ሰው የለም። እሱ ግን አልከስም አለ። አባቴ ደግሞ እኔን «እግርሽ አራተኛ ፎቅ ቢረግጥ እሰብረዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ መሸሸጊያዬ መታጠቢያ ቤት ነበር፤ እሱ በሩን እየደበደበ፣ እኔ ገንዳው ውስጥ ተቀምጬ።

ስለዚህ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ሊወርድ ነው ሲባል፣ ከሁሉም በላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ።

የት ይታረቁ የሚለው ራሱን የቻለ ጭንቅ ሆነ። የሐበሻ ምግብ ቤቱ ሁሉ ወገን ነበረው፤ አንዱ ጋ ቢገቡ ሌላው ያኮርፋል። መላውን ያመጡት ሽማግሌው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ኦስትኤንድ በሚባለው ሰፈር የኬራላ ሰዎች ምግብ ቤት አለ፣ ሕንዶች ናቸው፣ የማንም ወገን አይደሉም አሉ። «እኔን አገር ቤት ሒሳብ ያስተማሩኝ የዚያ አገር ሰው ነበሩ። ጣቴን በማስመሪያ እየጠበሱ ነው ኢንጂነር ያደረጉኝ» ብለው ሳቁ። ምግባቸውንም ጠንቅቄ አውቃለሁ አሉ።

ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ፣ እሑድ፣ እኔና አባቴ፣ ጋሼና ልጁ፣ ሽማግሌውም፣ ከቅዳሴ ቀጥታ ሄድን። ሰባት ጠረጴዛ ያላት ጠባብ ቤት ናት። መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዞ የቀኑ ብርሃን እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይገባል፤ ከጓዳ ሰናፍጭ ዘይት ላይ ሲፈነዳ ይሰማል። ባለቤትዋ ከብዙ ዓመት በፊት ነርስ ሆነው የመጡ፣ ጡረታ ሲወጡ ቤቱን የከፈቱ ሴት ናቸው። በየፊታችን የሙዝ ቅጠል አነጠፉልን። በትልቅ የብረት ማንቆርቆሪያ ደግሞ ከእንጨት ቅርፊት ጋር የፈላ፣ ለብ ያለ፣ ሮዝ መልክ ያለው ውሃ አመጡ። የሚጠጣ ነው። ሊባርኩ አብረውን የመጡት ቄስ ግን የእጅ መታጠቢያ መስሏቸው ብርጭቆው ውስጥ ጣታቸውን ነከሩ። ባለቤትዋ ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። አባቴና ጋሼ ሲስቁ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አላነሱም። በቃ አለቀ፣ ዛሬ ማታ ወደ ላይ እወጣለሁ ብዬ ልቤ ዘለለ።

ምግቡ መጣ። ከቦካ ሩዝ የተጋገረ ነጭ ነገር ነው፣ መካከሉ ዓይናማና ለስላሳ፣ ዳሩ እንደ ዳንቴል የሳሳ። ሽማግሌው «ይኼ እንግዲህ የእነሱ እንጀራ ነው፣ እንደ ቤታችሁ ብሉ» አሉ። ከእሱ ጋር በሸክላ ድስት ቀይና ኮምጣጣ የዓሣ ወጥ ቀረበ። ባለቤትዋ ድስቱን እያስቀመጡ «ፎርዚሽት፣ ግሬተን!» አሉ፤ እሾህ አለው፣ ተጠንቀቁ ማለታቸው ነው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ማናችንም ግን ልባችን እዚያ አልነበረም፤ አባቴ ከወንበሩ እየተነሳ ነበር።

«በድዬሃለሁ» አለው። 

ጋሼ ተነሳና ትከሻውን ሳመው። ቄሱ አንድ ነገር አነበነቡ። አባቴ ከነጩ ነገር ሰፋ አድርጎ ቆረሰ፣ ዓሣውን ዛቀበት፣ ጠቀለለው። የሰርግ ጉርሻ የሚያህል ነበር። የእኛ ሰው ዶሮ ሲያጎርስ አጥንቱን በጣቱ ለይቶ ነው፤ የዓሣ እሾህን ግን የአባቴ ጣት አያውቀውም። ጋሼ አፉን ከፍቶ ተቀበለው። ሁለቴ አላመጠና ማላመጡን አቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ። ጀርመን ቢሆን ሶፍት አንስቶ ይተፋዋል። ጋሼ እንዴት ይትፋው? የእርቅ ጉርሻ እኮ ነው። አባቴን እያየ ዋጠው።

ከዚያ የወጣው ድምፅ ሳል አይመስልም፤ ሊቀደድ ያለ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ጉሮሮውን በእጁ ጨበጠ። የሙዝ ቅጠሉ ላይ ደም ተንጠባጠበ። ባለቤትዋ ሮጠው መጥተው ራሱን ወደ ፊት አዘንብለው ያዙት። ልጁ «ፓፓ! ፓፓ!» እያለ ወንበሩን ገለበጠ፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረና በጀርመንኛ «ምንድን ነው ያበላኸው?» ብሎ ጮኸ። መልስ አልጠበቀም። በቡጢ አፉን አለው። ደገመው፣ ዓይኑን። ሦስተኛው አባቴን ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ የፈላው ወጥ ጭኑ ላይ ተደፋ። ሽማግሌው ሊገላግሉ ገብተው በክርን ተመትተው መነጽራቸው ወደቀ። አባቴ ተነሳ፤ ልጁም እንደገና መታው።

ያየሁትን ልንገርሽ። የአባቴ እጆች ወደ ታች እንደተዘረጉ ነበሩ። እነዚያን እጆች ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ሊነሱ ሲሉ ትከሻው እንዴት ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ አውቃለሁ። ትከሻው አልተንቀሳቀሰም። የደነዘዘ መሰለኝ። ልጁ ሊገድለው ነው ብዬ አሰብኩ። በእውነቱ ምንም አላሰብኩም፤ ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ።

ሙሉ ነበር። በልጁ ጆሮና ጉንጭ መካከል አሳረፍኩበት። ሮዙ ውሃ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሊዞር ሲል አፉን መታሁት፤ ጥርሱ ብረቱ ላይ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። በጉልበቱ ወደቀና እጁን ዘረጋልኝ፣ በቃ ሊል። ያኔ ደግሜ መታሁት። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ የምከራከረው አለኝ። ስለ ሦስተኛው የለኝም። ደስ ብሎኛል። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ አየሁት፤ ብርድ ልብስ ያነጥፍልኝ የነበረው ልጅ፣ አገጩ ድረስ ደም፣ ወለሉ ላይ ጥርሱን እየፈለገ።

እርቁ እዚያ ላይ አለቀ። ሆስፒታል እሾሁን አወጡለት፣ ጋሼ ዳነ፤ ድምፁ ግን እንደሻከረ ቀረ። ፖሊስ ሲመጣ ልጁ በተሰበረ አፉ «ወደቅኩ» አላቸው። ስሜን አልጠራም። በወሩ ሪድበርግ የሚባል ሌላ ሰፈር ቤት አግኝተው ለቀቁ፤ ዕቃቸው በእኛ በር ሲወርድ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ሽማግሌው ሌላ ቀን እንሞክር ብለው ሄደውለት ነበር። ጋሼ «እሱን ይቅር ብያለሁ፤ የልጄን ፊት ግን በየቀኑ ነው የማየው» አላቸው። አባቴ ካቻምና ሲሞት ጋሼ ቀብሩ ላይ መጣ። ከሰው ኋላ ቆሞ አለቀሰና ወደ እኔ ሳይቀርብ ሄደ። ልጁ አልመጣም። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ የሆነውን ነው። ባለቤትዋ ወለሉን መወልወል ጀምረዋል። አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝ። አሁን ነው የሚገድለኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቧንቧውን ከፈተ። ለብ እስኪል በጣቱ ሞከረውና እጄን ከሥሩ አድርጎ ማጠብ ጀመረ፤ አንድ በአንድ፣ ከጣቶቼ መካከል፣ ከጥፍሬ ሥር። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል።

«አባዬ፣ ለምን አልመታኸውም?» አልኩት።

«ይምታኝ ብዬ ነዋ» አለኝ። «ሦስት አራቴ ቢመታኝ ይወጣለት ነበር። ተነስተን ሆስፒታል አብረን እንሄድ ነበር። እኔ እኮ መማታት ጨርሼ ነበር፣ ልጄ።»

 ከእጄ የሚወርደውን ውሃ አየሁ።

ውሃውን ዘጋ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። ገልብጦ መዳፌን አየው። «ከየት አመጣሻት አልልሽም» አለ። «ይቺ የእኔ እጅ ናት።» ከዚያ ግንባሩን መዳፌ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጣ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ሌላዋን እጄን ቀስ ብዬ ራሱ ላይ አኖርኩና፣ እስኪበቃው ድረስ ጠበቅሁት።