ጨዉ እንዴት ነው?

ባሌ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እኔን መሰላችሁ? ምን ሲደረግ! ገንዳውን ነው። ሳሎናችን ጥግ የባሕር ውሃ የሞላበት የመስታወት ገንዳ አለን፤ ውስጡ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎችና ስድስት ዓመት የለፋባቸው ኮራሎች አሉ። ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚኖር እንስሳ ነው። "ድንጋይ" ካላችሁት ባሌ ያኮርፋችኋል።

እናቴም ጡረታ ወጥታ እኛ ጋ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። አሁን ሐኪም ጨው ከልክሏታል። ሳበስል ማንኪያ ይዛ ብቅ ስትል "እማዬ፣ ተይ!" ብዬ እመልሳታለሁ። እሷም ገንዳው ፊት ትቀመጥና "ለዓሣ ተፈቅዶ ለእኔ ይከልከል!" እያለች ትነጫነጫለች።

ባለፈው ወር ባሌ ለሥራ ዐሥር ቀን ሌላ ከተማ ሄደ። በር ላይ ቆሞ፣ "ውሃው እየተነነ ሲጎድል ከነጩ ጀሪካን ጨምሪበት። ነጩ!" አለኝ። ነጩ ውስጥ ያለው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። እኔ ብልጧ ደግሞ፣ የባሕር ፍጡር በተራ ውሃ? ተሳስቶ ነው አልኩና ጨው የተበጠበጠበትን ሰማያዊውን በየቀኑ ገለበጥኩበት።

ሲመለስ ኮራሎቹ ተኮማትረው ደብዝዘዋል። መብራቱን ፈታ፣ ፓምፑን ፈታ፣ ጨው ሲበዛ መርፌው ሽቅብ የሚንሳፈፈውን የጨው መለኪያ ነከረ፤ መርፌው ልክ ነው አለ። ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። "ስድስት ዓመቴ እኮ ነው" ሲለኝ አንጀቴን በላው።

እናቴ ብድግ አለች። ጣቷን ገንዳው ውስጥ ነከር አድርጋ ምላሷ ጫፍ ላይ አስነካችና ተፋች።

"ጨው በዝቷል።"

"እማማ፣ መለኪያው ልክ ነው ይላል እኮ።"

"መለኪያህ ስንት ዓመት ወጥ ቤት ሠርቷል?"

ከሰማያዊው ጀሪካንም ቀመሰች። "ይኼ ደህና ነው። ያኛው ግን ያንገበግባል። ማነው የጨመረበት?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ ዓይን ስንቱ ረዳት አልቅሶ ይሆን! ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"የሚተነው ውሃው ነው እንጂ ጨዉ መች ይተናል!" ብሎ ባሌ ራሱን ያዘ። ከዚያ መለኪያውን አገላብጦ ሲያይ፣ መርፌው ላይ ጨው ደርቆበት ኖሮ ከብዶ ዝቅ ብሏል። አጥቦ ቢነክረው ሽቅብ ተፈናጠረ።

አራት ቀን ሙሉ፣ ኮራሎቹ እንዳይደነግጡ የገንዳውን ውሃ ትንሽ ትንሽ እየቀዳ፣ በነጩ ተካው። በአምስተኛው ጠዋት "ተከፈቱ!" ብሎ ሲጮህ ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት በራችንን አንኳኳ።

አሁን አዲስ መለኪያ ገዝቷል፤ እሱንም ግን አያምነውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በትንሽ ማንኪያ ቀድቶ እናቴ ፊት ይቆማል።

"እማማ፣ ጨዉ እንዴት ነው?"

መነጽሯን ታደርጋለች፤ ለመቅመስ መነጽር ምን እንደሚያደርግላት እንጃ። ቀምሳ ትተፋለች፤ ሆን ብላ ታስጠብቀዋለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔ ልጇ እንኳ ማንኪያ ነጠቅኳት እንጂ አልጠየቅኳትም፤ ሳስበው አፈርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ከድስቴ ቀድቼ፣ መትፊያ ሳህን ይዤ ከባሌ ኋላ ቆምኩ።

"ተራሽን ጠብቂ" አለችኝ።