ጅማ ጉማሬ አለ ያለችኝ አበባ

ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ጋር ከተለያየን በኋላ አጋሮ፣ አጎቷ ቤት ነበር የምታድገው። አጎቷ ማለት የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቡና ነጋዴ። ሰውንም የሚያየው የቡና ናሙና እንደሚያይ ነው፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶህ ድንጋይ ይፈልግብሃል። ከስንት ሽማግሌ በኋላ አንድ ቅዳሜ ፈቀደልኝ።

«ጠዋት ትወስዳታለህ፣ ሳይመሽ ትመልሳታለህ። ጫት ቤት አስቀምጠሃት ዋልክ ማለት ግን፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ አታያትም። የኔም ልጅ አብራ ትሄዳለች።»

የሱ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ለምን አብራ እንደምትመጣ አልጠፋኝም። ያኔ ሰፈር ሁሉ አንድ ለአምስት እየተባለ ይጠበቅ ነበር፤ ለኔ የደረሰችኝ ጠባቂ የፊት ጥርስ የላትም።

ጨነቀኝ። ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ አድጌ፣ ልጅ ይዤ የት እንደሚኬድ አላውቅም። እኛን ማን ይዞን የት ሄደ? ውጡ ይሉናል፣ እንወጣለን፣ አለቀ።

የምሰራው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ሞባይል ቤት ነበር። ዘፈን እጭናለሁ፣ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ፎቶ አሳምራለሁ። ትምህርት አስረኛ ላይ ቢጥለኝም ኢንተርኔት ላይ የሚቀድመኝ አልነበረም። አርብ ቁጭ ብዬ «ጅማ የልጆች መዝናኛ» ብዬ ፈለግኩ። የወጣልኝ ሆቴል፣ ሆቴል፣ የአዳራሽ ኪራይ። አንዱ ገጽ ደግሞ «በውቢቷ ጅማ ልጆችዎን ያዝናኑ» ብሎ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ለጥፏል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ዛፉ የኛ ዛፍ አይደለም፣ ጥግ ላይ የተቆረጠ የፈረንጅ ልጅ እጅ አለ። እኔን ሊሸውድ! ከአጋሮ ወጥቶ የማያውቅን ሰው ዱባይ ህንጻ ስር አቁሜ የማትመውን እኔን!

የስልኬ ካርታ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ላይ አረንጓዴ ቀብቶ «መናፈሻ» ይላል። ካርታ ምን አስዋሸው ብዬ እሱን ያዝኩ። ለማንኛውም ብዬ የከተማው ልጆች ግሩፕ ላይም ጠየቅኩ፦ «ቅዳሜ ትንንሽ ልጆች ይዤ የት ልውጣ?» ምነው ጣቴን በቆረጠው! አንዱ «ጫት ቤት፣ ገና በጠዋቱ ይልመዱ» አለ። ሌላው «ማን ልኮህ ነው?» ሌላው ደግሞ «ልጅ ሰብስበህ የት ልትወስድ ነው? አድሚን፣ ይሄን ሰው እየው።» በዛ ሰሞን መሰብሰብ የሚባል ነገር ከተነሳ፣ የሚሰበሰበው ጡጦ የያዘም ቢሆን ሁሉም አንገቱን ያዞር ነበር።

ከዛ ከአንዲት የማላውቃት ሴት ኢንቦክስ ገባልኝ። ፎቶዋ ቀይ ጽጌረዳ ነው። «ቦዬ ኩሬ ውሰዳቸው፣ ጉማሬ አለ። እኔም ነገ አራት ሰዓት ላይ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ስንት ናቸው? ዕድሜያቸውስ?»

ስንት ናቸው? ያኔ ስንት ናችሁ ብሎ የሚጠይቅ ወይ የሰርግ ደጋሽ ነው ወይ ሌላ ነው። ገጿን በረበርኩ። የሰው ፎቶ የለም፣ አበባ ብቻ። ደግሞ ጉማሬ! እኔ ጉማሬ ያየሁት የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ነው። አብሮኝ ለሚሰራው ልጅ አሳየሁት።

«ደህንነት ናት» አለ፣ ስክሪን እየጠረገ።

«ደህንነት እኔን ምን ያረገኛል?»

«አንተን አይደለም። በአንተ በኩል ሌላ ሰው።»

«በኔ በኩል ማንን? የአራት ዓመት ልጄን?»

«እኔ እንጃ። እንግዲያው ልጅ የምትሰርቅ ናት።»

ጥያቄዬን አጠፋሁት። ለአበባዋ «እናያለን» ብዬ ዘጋሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ልጆቹን ከአጋሮ ይዤ መጣሁ። ጅማ መናኸሪያ ወርደን ስልኬን ባወጣ፣ ኔት የለም። ጭራሽ የለም። እንደ ቧንቧ ውሃ ይዘጉት ነበር፤ ለምን የሚል የለም፣ ካለም ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ካርታውን በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ ብዬ በባጃጅ ሰቶ ሰመሮ ሄድን። መናፈሻው በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳ ባይ ጠጠርና አንድ የታሰረ ፍየል። ዘበኛው ብቅ አለ።

«ምን ታያለህ?»

«መናፈሻ ነው ተብሎ።»

«ማን አለ?»

«ኢንተርኔት።»

«መታወቂያ አለህ?»

ሰላይዋ፣ የአጎቷ ልጅ፣ እጇን አጣምራ ትሰማለች። «የሷ አባት» አለችኝ፤ እንደዛ ነው የምትጠራኝ። «ለአባዬ ምን ብዬ ልንገረው፣ ኢንተርኔቱ ዋሸ ወይስ አንተ ዋሸህ?»

የልጄ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጋሮ ስንመለስ የሚነገረው ታየኝ፦ ፍየል አየን፣ ዘበኛ ተቆጣን። አበቃልኝ ማለት ነው።

«ጉማሬ ታያላችሁ?» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ቦዬ ከአበባዋ ቀድመን ደረስን። ባጃጁን ጠብቀን ብዬ ለምኜ ባህር ዛፍ ስር ተደበቅን። ሐሳቤ ከሩቅ አይቻት፣ የማያምር ነገር ካየሁ ልጆቹን ይዤ መፈርጠጥ ነው። መጣች። ሶስት ልጆች፣ አንድ ጃንጥላ፤ ከኋላዋ ግን በር የሚያክል ሰውዬ፣ ዱላ ይዞ። ይኸው አልኩ። ልጄን ብድግ አድርጌ ወደ ባጃጁ ስሮጥ ሰውዬው ጮኸ፦

«አንተ! ቁም! የማን ልጆች ናቸው?»

«የኔ ናቸዋ! አንተ ማነህ?»

«እኔ የሱ አይደለሁም!» አለች ሰላይዋ፣ ጮክ ብላ።

ዱላው ተነሳ። ሴትዮዋ ግን ትኩር ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ አንበሳው አንተ ነህ?»

ኢንተርኔት ላይ የኔም ፎቶ አንበሳ ነበር።

«አበባዋ አንቺ ነሽ?»

«ይሄ ወንድሜ ነው። አንበሳ ለጥፎ ትንንሽ ልጆች የት ልውሰድ ለሚል ወንድ ብቻዬን ልመጣልህ ኖሯል?»

«አንቺስ ስንት ናቸው ያልሽው ምን ልትሆኚ ነው?»

«ብስኩት ልገዛ ነዋ!»

ብስኩቱን አወጣች። ልጆቹ ተሻሙበት፤ ሰላይዋ ብቻ መጀመሪያ አሸተተችው። እኔ አልበላሁም።

ዳር ላይ ሳር የሚያጭዱ እናት ነበሩ። «ዝም በሉ፣ ሮቢ ጫጫታ አይወድም» አሉን፤ ሮቢ ያሉት ጉማሬውን ነው።

«እማማ፣ እውነት አለ እንዴ? አይተውታል?»

«ኤዬ! በቆሎዬን የሚጨርሰው ማነው ታዲያ፣ አንተ ነህ?»

ቆየን። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዝም ብሏል። ከዛ ሁለት ጆሮ ወጣ። ጆሮ ብቻ። ቀጥሎ «ፑፍ!» ልጄ አንገቴን አነቀችኝ፤ ለቅሶ ነው ስል ሳቅ ነው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ባነሳ ጆሮው ገብቷል፤ የያዝኩት ውሃ ብቻ።

ሳይመሽ አጋሮ ገባን። አጎቷ በር ላይ ቆሟል።

«የት ዋላችሁ?»

«ጉማሬ አየን!» አለች ልጄ።

በዛ በናሙና አስተያየቱ አየኝ። «ስንት ዘመን ጅማ ስመላለስ ያላየሁትን ጉማሬ? ምን በሉ ብለህ ነው ያስጠናሃቸው?»

ፎቶውን አሳየሁት።

«ይሄ ሻይ ነው» አለኝ።

የአበባዋን መልእክት ከፍቼ እንዳላሳየው ኔት አሁንም የለም። ምን ልበለው፣ አበባ ነገረችኝ? ወደ ራሱ ልጅ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ። ጫት ቤት ነው አይደል?»

«ጉማሬ ነው።»

«እውነቱን!»

«መናፈሻው ውሸት ነው፣ ፍየል ነው ያለው። ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀው። አንድ ሰውዬ በዱላ ሊመታው ነበር።» ዘረገፈችው፤ አንድ አላስቀረችልኝም። «ጉማሬው ግን ውሸት አይደለም። ሁለት ጆሮ አለው፣ ፑፍ ይላል፣ የእማማን በቆሎ ይበላል። እይ ብለህ እኔን ልከኸኝ የለ? ታዲያ ለምን አታምነኝም?»

አጎቷ ጎንበስ ብሎ ልጄን አያት። ልጄ ከእግሩ ስር «ፑፍ» አለችለት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «የሚመጣው ቅዳሜም ውሰዳት። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ጆሮው ከሌለ ግን...» አልጨረሰውም።

በሳምንቱ በጠዋት ስደርስ ከልጆቹ በፊት ለባብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በብብቱ ሁለት ጥሬ በቆሎ ይዟል።

«ምንድነው እሱ ጋሼ?» አልኩት።

«ለመንገድ ነው» አለኝ፣ ወደ ሌላ እያየ።

አላመንኩትም።