እትዬ ፍሬን አንቱ ያሉ ቀን

እትዬ ፍሬን ስማቸው ሌላ ነው። መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ዋና ሥራቸው ከተለማማጁ ጎን ተቀምጦ «ፍሬን!» እያሉ መጮህ ስለሆነ፣ ማሰልጠኛው ውስጥ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው፣ በኋላ ትራፊክ ፖሊስ ሲቆጣው ምርቃት ይመስለዋል።

ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። እሳቸው ግን በሽታውን የያዙት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ አለ፣ አልፎ አልፎ ያኮርፋል፣ ደግሞ ይታረቃል። ይሄ ያልጣማት ፋርማሲስት ልጃቸው አንድ ቀን ክንድ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ነገርና የስኳሩን መጠን የሚያሳይ፣ መዳፍ የሚሞላ ማሳያ ይዛ መጣች።

«ሲጨምርም ሲቀንስም ይጮሃል፣ እማዬ።»

«እዚህ ቤት የሚጮህ ጎድሎ ነበር?»

ልጅቷ ለእናቷ ከመስጋቷ የተነሳ የ«ጨመረ» ደወሉን መቶ አርባ ላይ አደረገችው። ስኳር ያለበት ሰው ቁርስ በልቶ መቶ አርባን ላያልፍ የሚችለው ቁርሱን ጎረቤት ከበላለት ነው። መሣሪያው በዳቦውም ጮኸ፣ በሙዙም ጮኸ። መኪና ውስጥ ሲጮህ ደግሞ አንዷ ተለማማጅ የመኪናው ማስጠንቀቂያ መስሏት መስቀለኛ መንገድ መሃል ቀጥ አለች። ከኋላ የነበረው ባለታክሲ የሰደበውን ስድብ እትዬ ፍሬን በመስኮት ብቅ ብለው ከነወለዱ መለሱለት።

የዚያን ዕለት ቤት እንደገቡ መነጽራቸውን አድርገው ሴቲንጉን ጎረጎሩት፤ ያገኙትን ደወል ሁሉ አጠፉ። አንዱ ብቻ፣ «በጣም ዝቅ ብሏል» የሚለው፣ አልጠፋም አለ። ተጫኑት፣ ረገሙት፣ ወይ ፍንክች።

«እንዲህ ግትር የሆነው በማን ወጥቶ ነው?» አሉና ድምፁን ወደ ንዝረት ቀይረው፣ በማግስቱ መኪናው ኪስ ውስጥ ከመወልወያ ጨርቅ ሥር ወሸቁት።

ከሳምንት በኋላ ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ምሳቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንድ ተለማማጅ ቀድሞ ደረሰ። ልብስ ሰፊ ነው። ፍሪሲዮኑን እንደ ስፌት መኪና ፔዳል ስለሚረግጠው፣ መኪናዋ በእሱ እጅ አትሄድም፤ ትዘመዝማለች። «ቶሎ አዙሬው ልምጣ» ብለው ምሳውን ትተው ወጡ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር፤ እንደወትሮው ዘር ማንዘሩን እያነሱ ሰደቡት። ገበያውን ሲያልፉ ግን ዝም አሉ። ቀጥሎ በለሰለሰ ድምፅ፣

«ጌታዬ፣ ወደ ግራ ቢታጠፉልኝ» አሉት።

ልብስ ሰፊው ጆሮውን አላመነም። ደንግጦ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። እትዬ ፍሬን «ግሩም ነው፣ ይበርቱ» አሉት።

ይሄኔ ነፍሱ ራደች። ዞር ብሎ ሲያያቸው ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የመኪናው ኪስ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ጢንዚዛ ጥዝዝ ይላል። ጨርቁን ገልጦ አነበበ፦ ስኳር በጣም ዝቅ ብሏል፣ ሃምሳ አንድ። ስለ ስኳር በሽታ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን የጎደለ ነገር እንደሚሞላ ማንም ያውቃል። ሱቅ ሮጦ ለስላሳ አመጣና ጠርሙሱን ራሱ ይዞ አጠጣቸው።

ጥቂት ቆይቶ ዓይናቸው ጠራ። ዙሪያቸውን አዩ።

«ማነው እዚህ አውጥቶ ያቆመህ፣ አንተ ቁልፍ ሰፊ!»

«ተመስገን! ተሻለዎት!» አለ ልብስ ሰፊው፤ ዕንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

መኪናዋን ዳር አስይዘው ቆለፏትና ወደ ማሰልጠኛው በእግራቸው ተመለሱ። ከገበያው እስከዚያ ሱቅ ያለውን መንገድ እትዬ ፍሬን ጨርሶ አላስታወሱትም። ያስፈራቸው እሱ ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ ማታ እራት ላይ ለልጃቸው ብቻ ነገሯት። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ደወሉን ለምን አጠፋሽው?»

«ቀኑን ሙሉ የሚጮህን ነገር ማን ይሰማዋል?»

«ስለ ማን ነው የምታወሪው፣ እማዬ?»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷም መቶ አርባው የእሷ ጥፋት መሆኑን አመነች። በማግስቱ ክሊኒክ ሄደው ሐኪሙን ጠየቁ። «ጨመረ» የሚለው ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ሆነ፤ እሱም ቢሆን ይንዘር እንጂ አይጩህ ተባለ። «ቀነሰ» የሚለው ግን ሾፌር ጎን የሚቀመጥ ሰው ቀድሞ ማወቅ አለበት ተብሎ ሰማንያ ላይ፣ በሙሉ ድምፅ።

ድምፅ መምረጡ ነው ከሁሉ የከበደው። «ይሄ አይስክሬም ሻጭ ነው። ይሄ ሠርግ ነው። ይሄስ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» በመጨረሻ እንደ ከባድ መኪና ጡሩምባ የሚያንባርቀውን መረጡ። ምሳቸውም ፊታቸው ሳይቀርብ መርፌ መወጋት ቀረ። ደወሉ ሲያንባርቅ መኪናዋን ዳር ያስይዛሉ፣ ከረሜላ ይቆረጥማሉ፣ ቁጥሩ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ተለማማጆቹም ለመዱት፤ ትንሽ ዕረፍት ናት።

ልብስ ሰፊው በሁለተኛው ፈተና አለፈ። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳያቸው ሲመጣ ፎቶውን አዩት፣ እሱን አዩት።

«እንኳን ደስ አለህ። የምትነዳበትን ሰፈር አስቀድመህ ንገረኝና እኔ በሌላ በኩል ልሂድ።»