የበቅሎዋ ጠፍር

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያቀረብኩት ጽሑፍ መኪና ሲጋጭ ተሳፋሪን ከጉዳት ስለመጠበቅ የተደረጉ ጥናቶችን የሚመለከት ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰው የሚመስል አሻንጉሊት ወንበር ላይ ያስሩና መኪናውን ከግድግዳ ጋር ያላትማሉ። ከዚያ አንገቱ እንዴት እንደተወረወረ፣ ደረቱ ምን ያህል እንደተጫነ ይለካሉ። የነፍሰ ጡር አሻንጉሊት እንኳ አላቸው። ቀበቶው ከሆዷ በታች፣ በዳሌዋ አጥንት ላይ ማረፍ እንዳለበት ያወቅኩት ከዚያ ነው። መምህሬ ጽሑፌን ስለወደደልኝ ደስ ብሎኝ ለእረፍት ወደ መንዝ መጣሁ።

እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራት አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ። አባታችን ከቀያችን እስከ መሐል ሜዳ መናኸሪያ በበቅሎ አደረሷት። ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳትና ቀበቶውን ልስብላት እጄን ሰደድኩ። የለም። ከሥሩ ተቆርጧል።

«ቀበቶው የታለ?» አልኩት ሾፌሩን።

«ገና ሳንነሳ ታሟርትብኛለህ እንዴ? አማትብና ተቀመጥ።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዲት እናት «ተዉት፣ ተማሪ ነው» አሉ።

«መኪናው ሲገዛ ነበረው። የት ሄደ?»

ሾፌሩ በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተኝ። «አባትህን ጠይቃቸው። ባለፈው ገበያ ሲለምኑኝ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ማንም ለማያስረው ነገር ምን አስጨነቀኝ?»

አባቴ ለመመለስ የበቅሎዋን ኮርቻ እያጠበቁ ነበር። በበቅሎዋ ሆድ ሥር የዞረው ጠፍር ቆዳ አይደለም። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ የመኪና ቀበቶ ነው።

«ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?» አሉኝ። «የቆዳው እየላላ አስቸገረኝ። እህትህ ሁለት ነፍስ ናት፤ ቁልቁለቱ ላይ ኮርቻው ቢዞርባትስ ብዬ ነው።»

ለእሷ ብለው ነው። ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

«በእግሯ ቀስ ብላ ለምትሄድ በቅሎ እንዲህ የተጠነቀቁ፣ በሚበር መኪና እንዲሁ ሊሰዷት ነው?» አልኳቸው። አባቴን በዚህ ድምፅ ተናግሬያቸው አላውቅም።

እህቴን «ቀጠሮዬ ያልፋል» እያለችኝ ከጋቢናው አወረድኳት። ሾፌሩ «እንግዲያው ሄሊኮፕተር ጥራላት» ብሎ በሌላ ሰው ሞላና ሄደ። እህቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን አዞረችብኝ። ቀጠሮው ቢያልፍባት ጥፋቱ የእኔ እንደሚባል አውቅ ነበር።

ቀጣዩ ሚኒባስ ጋቢናው ውስጥ ቀበቶ ነበረው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ። እዚያ የተቀመጠውን ሰውዬ ቦታውን እንዲለቅልን ለመንኩት።

«ቀድሜ ነው የመጣሁት፣ ወንድም» አለኝ።

አባቴ በቅሎዋን እየጎተቱ መጡ። «እባክህ ልጄ፣ ለነፍሰ ጡር ነው» አሉት። ወረደ።

ቀበቶውን ከሆዷ በታች አሳልፌ ቆለፍኩላት። አባቴ በመስኮቱ እጃቸውን አስገቡና፣ የበቅሎዋን ጠፍር እንደሚፈትሹት፣ ሁለት ጣታቸውን ከሥሩ ሰደዱ።

«ላልቷል፤ አጥብቀው» አሉኝ።

አጠበቅኩትና ወደ ኋላ ወንበር ሄድኩ። አጠገቤ የነበሩት ቄስ አማተቡ፤ እኔም አማተብኩ። ከዚያ በጎኔ በኩል ቀበቶ ፍለጋ ዳበስኩ። እጄ ያገኘው በቢላ የተቆረጠ ጫፍ ነው። ሾፌሩ መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ ሲለቀው ያንን ቁራጭ ጨብጬ፣ ይኸኛው ደግሞ በየትኛው በቅሎ ሆድ ሥር እንደሚሆን እያሰብኩ ጥርሴን ነከስኩ።